ፔስና ፍጥነት በጭሮ ዳገት

አቅራቢ 1፦ አሰበ ተፈሪ በሚለው ስሟም በምትታወቀው ጭሮ ለልምምድ የሚሮጥ ሰው ሁለት መለኪያዎችን ለይቶ ማወቅ ይኖርበታል፤ ፍጥነት በአንድ ሰዓት የሚሸፈነው ርቀት ሲሆን፣ በሯጮች ዘንድ ፔስ የሚባለው ደግሞ አንድ ኪሎ ሜትር የሚፈጀው ጊዜ ነው።

አቅራቢ 2፦ የሁለቱ ዝምድና በስሌት እንዴት ይገለጻል?

አቅራቢ 1፦ 10 ኪሎ ሜትርን በ50 ደቂቃ የጨረሰ ሯጭ ፔሱ 5 ደቂቃ ነው፤ 60 ለ5 ሲካፈልም ፍጥነቱ በሰዓት 12 ኪሎ ሜትር ይሆናል። ቀነኒሳ በቀለ በ2019 እ.ኤ.አ. የበርሊን ማራቶንን በ2:01:41 ሲያሸንፍ፣ እያንዳንዱ ኪሎ ሜትር በአማካይ 2 ደቂቃ ከ53 ሰከንድ ያህል ወስዶበታል።

አቅራቢ 2፦ ደቂቃ በ60 ሰከንድ ስለሚከፈል፣ 4.5 ደቂቃ 4 ደቂቃ ከ30 ሰከንድ እንጂ 4 ደቂቃ ከ50 ሰከንድ አለመሆኑም መዘንጋት የለበትም። ዳገቱስ?

አቅራቢ 1፦ ከሚኤሶ ቆላ ወደ ጭሮ ሽቅብ የሚሮጥ ሰው፣ ድካሙ በሜዳ ከሚደክመው ጋር እኩል ቢሆንም እንኳ፣ ፔሱ መዘግየቱ አይቀርም።

አቅራቢ 2፦ እንግዲያው የዳገት ሰዓት ከዳገት፣ የሜዳም ከሜዳ ጋር ብቻ ይነጻጸር።