ጥቂት የተማሩት ፍልስፍና ወዴት ይሄዳል?

(በክረምት ዕረፍት በቦዲቲ ለተሰበሰቡ ተማሪዎችና መምህራን የተደረገ ንግግር)



እንድንናገርበት የተሰጠን ርእስ አጭር ነው፤ ጥያቄው ግን ከባድ ነው። ፍልስፍናን ለጥቂት ጊዜ ተምሮ ወደ ሌላ ትምህርት ወይም ወደ ሌላ ዩኒቨርሲቲ ለሚዛወር ሰው፣ ያ ትምህርት ምን ይጠቅመዋል? ከቦዲቲና ከዳሞት ጋሌ ቀበሌዎች የወጣን ልጆች ይህን ጥያቄ በየክረምቱ ከወላጆቻችን እንሰማዋለን። «ልጄ፣ ምን ተማርክ?» ሲሉን ሕክምና ወይም ምሕንድስና ብሎ መመለስ ቀላል ነው፤ ፍልስፍና ብሎ መመለስ ግን ያስጨንቃል። በሬ ሸጦ ልጁን ያስተማረ አባት ደግሞ መልሱን የማወቅ መብት አለው።

ከሁሉ አስቀድመን አንድ ታሪክ እናስታውስ። አገራችን ዘመናዊውን ከፍተኛ ትምህርት የጀመረችው በሁለት ዓመት ኮሌጅ ነው። በ1943 ዓ.ም. በአዲስ አበባ የተከፈተው፣ የኢየሱሳውያን ማኅበር አባል የሆኑት ካናዳዊው ዶክተር ሉሲየን ማት የመሩት የዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ሲቋቋም የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥ ነበር። ቻርተሩን በ1946 ዓ.ም. አገኘ፤ በ1954 ዓ.ም. ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ተጠቃለለ። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው ይኸው ነው። እንግዲህ «ሁለት ዓመት ምን ያህል ነው?» ብሎ የሚንቅ ቢኖር፣ ዩኒቨርሲቲያችን ራሱ ከሁለት ዓመት ትምህርት እንደ በቀለ ይወቅ።

በዚያ ኮሌጅ ፍልስፍናን ካስተማሩት አንዱ እ.ኤ.አ. በ1953 ከካናዳ የመጡት ክላውድ ሰምነር ናቸው። ይዘውት የመጡት የአውሮፓን ፍልስፍና ነበር፤ በኋላ ግን የግእዝ መጻሕፍትን መርምረው የዘርአ ያዕቆብን ሐተታ ወደ እንግሊዝኛ ተረጐሙ፤ የኦሮሞን ምሳሌያዊ አነጋገርና ተረትም አጥንተው አሳተሙ። ስለ ሐተታው ኢጣሊያዊው ሊቅ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ጸሐፊው ዘርአ ያዕቆብ ሳይሆን ሚስዮናዊው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ ነው ብለው ጽፈው ነበር። ሰምነር ይህን ተቃወሙ፤ ክርክሩ ዛሬም አልተዘጋም። ለተማሪ ከዚህ የበለጠ ትምህርት ከየት ይገኛል? ሁለቱም ወገን ማስረጃውን ያቀርባል፤ የእኛም ሥራ ማስረጃውን መመዘን ነው እንጂ የምንወደውን ስም መምረጥ አይደለም።

ዛሬ ለአብዛኛው ተማሪ ያ የሁለት ዓመት ጊዜ ወደ አንድ ሴሚስተር አጥሯል። ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች የሎጂክና የሂሳዊ አስተሳሰብ ኮርስ ይወስዳሉ፤ ከዚያም ወደየትምህርት ክፍላቸው ይዛወራሉ። ብዙው ተማሪ የተሳሳቱ ክርክሮችን ስም በእንግሊዝኛ ይሸመድዳል፤ ፈተናው ሲያልፍም ይረሳዋል። የአንደኛ ዓመት ውጤት የትምህርት ክፍሉን ስለሚወስንበት የሚሮጠው ለነጥቡ ነውና አንወቅሰውም። ነገር ግን ነጥቡ በመዝገብ ቤት ይቀራል፤ ከተማሪው ጋር የሚዛወረው የማሰብ ልማዱ ነው።

ምሳሌውን ከአካባቢያችን እንውሰድ። ሁለት ጎረቤቶች በድንበር ተጣልተው ከሽማግሌ ፊት ቀረቡ እንበል። አንዱ «ይህን እንሰት ባለፈው ዓመት የቆረጥሁት እኔ ነኝ፤ ስለዚህ መሬቱ የእኔ ነው» ይላል። አስተዋዩ ሽማግሌ «መቁረጥህን ተቀበልን፤ የተከለውስ ማን ነው?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ ሽማግሌ የሎጂክ ኮርስ አልወሰደም፤ ሆኖም መደምደሚያው ከመነሻው እንደማይከተል አይቷል። ኮሌጁ የሚጨምርልን ሥርዓቱን ነው፤ ይኸውም ሽማግሌው በአንድ ጉዳይ ያየውን እኛ በብዙ ጉዳይ እንድናየው ነው። ሕክምና የሚማረውም ቢሆን ከምልክቱ ተነሥቶ በሽታውን ሲፈርድ ይኸንኑ ሚዛን ይፈልጋል።

ስለዚህ ሦስት ነገር እናሳስባለን።

አንደኛ፣ መምህራኖቻችን ከመጽሐፉ ምሳሌ ጋር የገበያውንና የሸንጎውን ምሳሌ እንዲጨምሩ፣ ተማሪውም ክርክሩን በወላይትኛና በአማርኛ እንዲሞክር ይፍቀዱለት። በአፍ መፍቻ ቋንቋው ሊያስረዳ ያልቻለውን ነገር ተማሪው ገና አልተረዳውም።

ሁለተኛ፣ የሚዛወር ተማሪ የኮርሱን ዝርዝርና የጻፋቸውን ወረቀቶች ይጠብቅ፤ የተማረው በሚሄድበት ተቋም ይቆጠርለት እንደሆነ ከመዛወሩ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ። የደከሙበትን ማስቆጠር ልመና አይደለም።

ሦስተኛ፣ በዚሁ በቦዲቲ በክረምቱ ቅዳሜ ቅዳሜ እየተሰበሰብን በአንድ ጥያቄ እንከራከር። አንዱ ወገን ይደግፍ፣ ሌላው ይቃወም፤ ከዚያም ቦታ እንለዋወጥ። ለመጀመሪያው ቅዳሜ የምናቀርበው ጥያቄ «ቶሎ እንጀራ የማያስገኝ ትምህርት ለደኻ አገር ቅንጦት ነውን?» የሚል ነው። አባቶቻችንም መጥተው ይስሙን፤ ይጠይቁንም። ጥያቄያቸውን መመለስ ካልቻልን ትምህርቱን ገና አልጨበጥነውም ማለት ነው።

እንሰትን ከችግኝ መደቡ ነቅሎ ሲያዛውር ጊዜዬ ባከነ የሚል ገበሬ የለም፤ የሚበላው ከዓመታት በኋላ እንደሆነ ያውቃልና። እኛም በአንዱ ቦታ የጀመርነውን በሌላው ቦታ እናሳድገው።