ሐኪሙ ሲጠይቅ «ደህና ነኝ» አይበቃም
ለወላጆች ስብሰባ የተደረገ ንግግር



እኔ መምህራንን አሠለጥናለሁ እንጂ ሐኪም አይደለሁም። ዛሬ የምናገረው እጃቸው ስለሚንቀጠቀጥ፣ እርምጃቸው ስለሚከብዳቸው ሽማግሌዎቻችን ነው። ብዙ ጊዜ «እርጅና ነው» ብለን እናልፈዋለን። አንዳንዱ ግን ፓርኪንሰን የሚባል በሽታ ነው። ሐኪም ዘንድ ሄዶ መለየት ይገባል።

መጀመሪያ የሚሰጠው መድኃኒት ነው። መድኃኒቱ ብቻውን የማይበቃቸው አንዳንድ ሕመምተኞች በኦፕራሲዮን ሊረዱ ይችላሉ። በ1987 በፈረንሳይ፣ በግሬኖብል ከተማ፣ ፕሮፌሰር አሊም ልዊ ቤናቢድና ባልደረቦቻቸው ወደ አንጎል ጥልቅ ክፍል በገባ ቀጭን ሽቦ ኤሌክትሪክ እየሰጡ መንቀጥቀጥን ማስታገስ ጀመሩ። በ1990 ደግሞ እስራኤላዊው ተመራማሪ ሐጋይ በርግማን ከባልደረቦቻቸው ጋር በጦጣዎች ላይ ባደረጉት ጥናት፣ የትኛው ትንሽ የአንጎል ክፍል ሥራውን ሲያቆም የበሽታው ምልክት እንደሚቀንስ አሳዩ። በ1993 የግሬኖብል ሐኪሞች ሽቦውን በዚያው ቦታ ለሰው አስገቡ። ሽቦው በቆዳ ሥር አልፎ ደረት ላይ ከተቀበረ ባትሪ ጋር ይገናኛል።

የቆየው ዓይነት ሽቦ ጫፉ ላይ አራት ቀለበቶች አሉት፤ ኤሌክትሪኩ ከየቀለበቱ ወደ ዙሪያው ሁሉ ይሰራጫል። ቦታው ጥቂት ሚሊሜትር ብቻ ስለሆነ፣ ኤሌክትሪኩ አልፎ ጎረቤቱን ከነካ ምላስ ይተሳሰራል፣ ፊት ወይም እጅ ይኮማተራል። በ2015 በአውሮፓ፣ በ2016 በአሜሪካ በተፈቀደው አዲስ ዓይነት ግን ሁለቱ የመካከል ቀለበቶች እያንዳንዳቸው በሦስት ተከፍለዋል። ስለዚህ ሐኪሙ ኤሌክትሪኩን ወደ አንድ ጎን ሊመራው ይችላል፤ ገበሬ ውሃውን በማሳው ሁሉ ከመልቀቅ በቦይ ወደሚፈልገው መደብ እንደሚመራው ማለት ነው።

ትክክለኛውን ጎን ለማግኘት ሐኪሙ የሕመምተኛውን ሰውነት ይመለከታል፣ መልሱንም ይሰማል። ኤሌክትሪኩን በጥቂት በጥቂቱ ከፍ እያደረገ ይጠይቃል፦ እጅዎን ነዘረዎት? አፍዎ ተሳበ? ዓይንዎ ብዥ አለ? ምርጫው በበዛ መጠን ጥያቄውም ይበዛል።

የእኛ ወላጆች ደግሞ ሲጠየቁ «ደህና ነኝ፣ እግዚአብሔር ይመስገን» ማለት ልማዳቸው ነው። ለሰላምታ መልካም መልስ ነው፤ በዚያ ወንበር ላይ ግን ሐኪሙን ያሳስተዋል። የአሥር ዓመት የልጅ ልጅ ማስተርጎምም አይበጅም። ልጁ «ነዘረኝ» እና «ደነዘዘኝ» የሚሉትን ቃላት አይለይም፤ አያቱም ችግራቸውን በልጅ ፊት መናገር ያፍራሉ።

ስለዚህ ቀጠሮ ስትይዙ አስተርጓሚ ጠይቁ። የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር በ2011 ያወጣው መመሪያ የጤና ተቋማትና ቁፓት ሆሊም አገልግሎታቸውን ለሕመምተኛው ቋንቋና ባህል እንዲያመቻቹ ያዛል። ልመና አይደለም። ከቀጠሮው በፊትም መንቀጥቀጡ በስንት ሰዓት እንደሚብስ በአማርኛ ጻፉ።

ይህ ሕክምና በሽታውን አያጠፋም፤ ለሁሉም አይሆንም፤ እንደ ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያለ አደጋም አለው። ከመፈረማችሁ በፊት እስኪገባችሁ ድረስ ጠይቁ። መድኃኒትም በራሳችሁ አታቋርጡ።

ሽቦው ኤሌክትሪኩን ወዴት እንደሚልክ የሚወሰነው በሕመምተኛው ቃል ጭምር ነው። ያ ቃል ሳይጎድል ሐኪሙ ጆሮ እንዲደርስ ማድረግ የእኛ የልጆቻቸው ፋንታ ነው።

እግዚአብሔር ጤና ይስጥልን።