«ደህና እደር» ያለ ሰው ነገ ይጠይቃል

የዛሬው ወጋችን ስለ ስንብት ነው።

ማምሻውን በአዲስ አበባ ፈረንሳይ ለጋሲዮን አካባቢ ጆሮ ሰጥቶ ለቆመ ሰው የአማርኛ ሰዋስው ከመንገዱ ላይ ይሰማል። ከእንጦጦ ጫካ ቅጠልና ጭራሮ አዝለው የወረዱ ሴቶች ወደየቤታቸው ሲለያዩ፣ አንዷ ለጓደኛዋ «ደህና እደሪ» ትላለች፤ ለሌሎቹ «ደህና እደሩ»፤ በዕድሜ ለገፉት እናት ደግሞ «ደህና ይደሩ»። ከመካከላቸው በኦሮምኛ «ነጋን ቡሊ» የምትልም አለች፤ ለብዙዎች ስትል «ነጋን ቡላ» ይሆናል።

ልብ በሉ፤ ተሰናባቿ አፏን ከመክፈቷ በፊት ማንን እንደምትለይ ማወቅ አለባት። ወንድ ነው ሴት? አንድ ነው ብዙ? አንተ ነው አንቱ? ለአንቱታው «ይደሩ» የምንለው ስለ ሩቅ ሰው በምንናገርበት ግስ ነው፤ አክብሮቱ ያለው እዚያ ላይ ነው።

ከዚያም ጊዜው አለ። ጠዋት ተለያይቶ ማታ ለሚገናኝ «ደህና ዋል»፣ ሌሊት ለሚለየን «ደህና እደር»፣ ለቀናት «ደህና ሰንብት»፣ ወራት ለሚቆይ «ደህና ክረም»። ኦሮምኛም ለቀኑ «ነጋን ኦሊ»፣ ለሌሊቱ «ነጋን ቡሊ» ይላል። ትግርኛም «ደሓን ውዓል»፣ «ደሓን ሕደር» አለው። ኦሮምኛ ኩሻዊ፣ አማርኛና ትግርኛ ሴማዊ ናቸው፤ ስንብታቸው ግን የጎረቤታሞች ነው።

ትልቁ ነገር የሚገለጠው በማግሥቱ ነው። ማታ «ደህና እደር» ያለው ሰው ጠዋት «እንዴት አደርክ?» ይላል። «ደህና ሰንብቺ» ያለ «እንዴት ሰነበትሽ?» ብሎ ይመለሳል። ግሱ ያው ነው፤ ትናንት ምኞት ነበረ፣ ዛሬ ጥያቄ ሆነ። ስንብታችንና ሰላምታችን የአንድ ንግግር ሁለት ጫፎች ናቸው፤ የተመኘነው መድረሱን ሳናጣራ አንቀርም።

ሌላውም ዓለም ለመለያየት ሥርዓት አለው። በሰሜን ፊሊፒንስ የሚነገረው ኢሎካኖ «ኢናኮን» ይላል፤ መሄድን፣ እኔነትንና «አሁንስ ጊዜው ደረሰ» የምትለውን ቅጥያ በአንድ ቃል አስሮ። ወግ ሲበዛ ደግሞ «አግፓካዳአኮን»፣ ማለትም «እንግዲህ ልሰናበት» ይባላል። እኛም ቤት እንግዳ «እሄዳለሁ» ብሎ አይነሳም፤ «በሉ እንግዲህ ልሂድ» ይላል። «ልሂድ» ፈቃድ ይጠይቃል። የቤቱ እመቤትም «ምነው፣ ተጫወት እንጂ» ብላ ታስቀምጠዋለች፤ ሁለተኛ ሲነሳ እስከ በር፣ አንዳንዴም እስከ ታክሲው ትሸኘዋለች። ኢሎካኖዎች ለተጓዥ የሚሉት «ዲዮስ ቲ ኩሙዮግ» ነው፤ የእኛው «እግዜር ይከተልህ»። ላምበረት መናኸሪያ በማለዳ የሄደ ሰው ይህንን ምርቃት ከአውቶቡሱ መስኮት ሥር ከእናቶች አፍ ይሰማዋል፤ «በሰላም ግባ፣ ስትደርስ ደውል» ተጨምሮበት።

ከጣሊያንኛ የመጣው «ቻው» ግን ለወንድም ለሴትም፣ ለሕፃንም ለአዛውንትም፣ ለጠዋትም ለማታም አንድ ነው። ለጥድፊያ ይመቻል፤ ከአፋችንም አይጠፋም። ነገር ግን ነገ የምንጠይቅበት ግስ የለውም። ልጆቻችን ከእሱ ሌላ ሳያውቁ ካደጉ፣ የሚጎድላቸው ጎረቤትን በማግሥቱ የመጠየቅ ልማድ ጭምር ነው።

ስለዚህ ወላጆች፣ ዛሬ ማታ ልጃችሁ ለአያቱ «ደህና ይደሩ» ይበል። ጠዋት ደግሞ ከቁርስ በፊት «እንዴት አደሩ?» ብሎ ይጠይቅ፤ መልሱንም ቆሞ ይስማ።