ማን ቀረ?



ስለ ሥራሽ ንገሪን ስትሉኝ ስለ ሆስፒታል የማወራ መስሏችሁ ይሆናል። እኔ ግን ስለ ሰንበቴ ነው የማወራው።

በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው ባለው ገጠር እሑድ ቅዳሴ ሲያበቃ አባላቱ ሰንበቴ ቤት ይሰበሰባሉ። ተረኛው ዳቦና ጠላ ያቀርባል፤ ካህኑ ይባርካሉ። ከዚያ ወሬው ይመጣል፤ የማን በሬ ጠፋ፣ የማን አዝመራ ደቦ ይፈልጋል፣ ማን ታመመ። «ዛሬ ማን ቀረ?» ሳይባል አይበተንም። የቀረ ሰው በሳምንቱ ውስጥ ይጠየቃል። ለሙስሊም ወገኖቻችንም ጁምዓ እንዲሁ ነው። እንዲህ ያለ ፈጣን የጤና መረጃ በየትኛው ቢሮ አለን?

ሮታሪ ክለብን የምታውቁ አላችሁ። ፖል ሃሪስ የተባለ ጠበቃ በ1905 እ.ኤ.አ. ቺካጎ ላይ ከሦስት ወዳጆቹ ጋር ሲጀምረው፣ ስብሰባው በየአባላቱ መሥሪያ ቤት በተራ ይዞር ስለነበር ነው ስሙን ያገኘው። ከዚያ ትንሽ ስብሰባ የተነሳው ክለብ ከ1985 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ፖሊዮን ለማጥፋት ዘመተ፤ በ2020 እ.ኤ.አ. አፍሪካ ከዋይልድ ፖሊዮ ቫይረስ ነፃ ተባለች። በተራ መደገስና በየሳምንቱ መጠያየቅ ታዲያ ለጎጃም ሰው አዲስ ነው እንዴ?

እናቶችን ለሞት የሚዳርጉትን ሦስት መዘግየቶች ሁላችንም ተምረናል፤ ለመሄድ መወሰን፣ መንገዱ፣ ደርሶም ሕክምና ማግኘት። ከወሊድ በኋላ በብዛት የሚፈሳት እናት በሁለት ሰዓት ውስጥ ልታልፍ ትችላለች። ክረምት ላይ፣ ብር ወንዝ ሞልቶ፣ በቃሬዛ ሁለት ሰዓት የት ያደርሳል? ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ወዲህ ደግሞ በግጭቱ ምክንያት መንገድ የሚዘጋበት፣ አምቡላንስ የማይንቀሳቀስበት ቀን አለ። ያኔ የሚቀረው የጎረቤት ትከሻ ነው።

ስለዚህ በሰንበቴው ወሬ ላይ ሦስት ጥያቄ ይጨመር እላለሁ። ወሯ የገባ ማን ናት? ምጥ ቢመጣ ቃሬዛውን እነማን ይይዛሉ? ልጆቿንና ከብቷን ማን ይጠብቅላታል? ይቺ የመጨረሻዋ ቀላል ትመስላለች እንጂ፣ ብዙ ሴት ከቤቷ አልወጣም የምትለው በእሷ ነው። እርግዝናን በአደባባይ ማውራት ስለማይወደድ ሴቶቹ በራሳቸው ወገን፣ ከጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ጋር ይያዙት። ቤቷ ሩቅ የሆነችው ቀኗ ሳይደርስ ጤና ጣቢያው ያለው የእናቶች ማቆያ ትግባ።

ሁለቱን መዘግየቶች እንዲህ ሰንበቴው ያሳጥራቸዋል። ሦስተኛው ግን የእኛ የሐኪሞቹ ድርሻ ነው፤ እሱም በማከም ብቻ አያልቅም። ሌሊቱን ተሸክመው ያመጧት ጎረምሶች ምን እንደሆነች ሳይነገራቸው ባዶ ቃሬዛ ይዘው ከተመለሱ፣ የጎደለውን ወሬ ሐሜት ይሞላዋል። ሐሜት ከገባ ደግሞ ለሚቀጥለዋ ሴት ቃሬዛው የሚነሳው ዘግይቶ ነው። ወሬ ከገጠር ወደ እኛ እንደሚመጣ ሁሉ፣ ከእኛም ወደ ገጠር መመለስ አለበት።

እኛ እኮ የምንገናኘው በዓመት አንዴ ነው፤ እነሱ በየሳምንቱ። ምዕራብ ጎጃም የምትሠሩ ሁሉ፣ እያንዳንዳችን አንድ አንድ ጤና ጣቢያ እንያዝ። ቅዳሜ ቅዳሜ ለባለሙያዋ እንደውል፤ ወደ እኛ የተላኩት እናቶች እንዴት እንደሆኑ እንንገራት። የግል ምስጢራቸውን አይደለም፤ እነሱ የፈቀዱትን ያህል ብቻ። የሞተች እንኳ ብትኖር ቤተሰቧ ከፈቀደ እውነቱ በአክብሮት ይነገር። ይህ በጀትም ደብዳቤም አይፈልግም፤ የአሥር ደቂቃ ስልክ ነው።

እሑድ ሰንበቴው «ማን ቀረ?» ሲል፣ «እሷማ አራስ ናት፤ ማርያም ምራታለች» የሚል መልስ ይብዛልን።