በኩሬ ውኃ ውስጥ ያለችው ትንሽ ፍጥረት



በቂርቆስ ቧንቧ ከፍቶ የሚጠጣ ሰው ስለ ሳይክሎፕስ ሊያስብ አይገደድም። ይህች ባለአንድ ዓይን የሸርጣን ወገን ርዝመቷ ጥቂት ሚሊ ሜትር ያህል እንኳ አይሞላም። በጋምቤላ ግን የኩሬ ውኃ ሳያጠል የሚጠጣ ሰው ከእርሷ ጋር የጊኒ ዎርምን እጭ ሊውጥ ይችላል። ከዓመት ገደማ በኋላ ትሉ ብዙውን ጊዜ በእግር በኩል ይወጣል። ሕመምተኛው ቃጠሎውን ለማብረድ እግሩን ኩሬ ውስጥ ሲነክር ትሉ እጮቹን ይረጫል፤ ሳይክሎፕስም ትመገባቸዋለች።

ለበሽታው ክትባትም ሆነ ፈዋሽ መድኃኒት የለም፤ መከላከያው ውኃን በጨርቅ ማጥለልና ሕመምተኛውን ከኩሬ ማራቅ ነው። በ2018 እና በ2019 እ.ኤ.አ. በኢትዮጵያ አንድም ሕመምተኛ አልተመዘገበም ነበር፤ በ2020 ግን 11 ሰዎች ታመሙ። ትሉ ውሾችንና ዝንጀሮዎችንም ይይዛልና፣ ድል ቀረበ በተባለበት ሰዓት ጥንቃቄን ማላላት አይገባም።