ከቅጠል የተገኘው የልብ መድኃኒትና የእኛ ጥንቃቄ



ዛሬ የምንነጋገረው ከመካከላችን አንዳንድ እህቶች በየዕለቱ ስለሚወስዱት ትንሽ እንክብል፣ ስለ ዲጎክሲን ነው። መነሻው ቅጠል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1775 እንግሊዛዊው ሐኪም ዊልያም ዊዘሪንግ እግርና ሆድን ለሚያሳብጥ በሽታ ስለሚሰጥ አንድ የቤት መድኃኒት አስተያየቱን ተጠየቀ። ባለመድኃኒቷ ሽሮፕሽር በተባለው አውራጃ የሚኖሩ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ሐኪሞች ያቃታቸውን ሕመምተኛ አንዳንዴ ያድኑ ነበር። ዊዘሪንግም ከሃያ ከሚበልጡት ቅጠላ ቅጠሎች መካከል ፈዋሹ ፎክስግላቭ የተባለው፣ ደወል የመሰለ ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል መሆኑን ለየ። አሥር ዓመት መጠኑን ሲያጠና ቆይቶ በ1785 መጽሐፍ አሳተመ። የእኚያን ሴት ስም ግን አልጻፈውም። ዲጎክሲን ራሱ በ1930 ከዚሁ ተክል ዘመድ ቅጠል ተለይቶ ወጣ።

አሥር ዓመት ያደከመው መጠኑ ዛሬም ያሳስበናል። መድኃኒቱ የደከመውን ልብ ያበረታል፤ የሚጣደፈውን ምት ያረጋጋል። ሲበዛ ግን ያንኑ ልብ ያውካል፤ በሚያድነውና በሚመርዘው መጠን መካከል ያለው ልዩነት ጠባብ ነው። በአብዛኛው የሚወጣው በኩላሊት ስለሆነ ኩላሊት ሲደክም በሰውነት ይጠራቀማል። የሚያሸና መድኃኒት አብሮ ሲወሰድ ደግሞ የደም ፖታሲየም ሊቀንስና አደጋው ሊብስ ይችላል።

ስለዚህ እህቶች፣ «ከቅጠል የመጣ ምን ይጎዳል?» አንበል። የረሳነውን እንክብል በማግስቱ ደርበን አንውሰድ። ሻል ሲለን በራሳችን አናቁም። «ልቤን ይመታኛል» ላለች ጎረቤትም አናካፍል። የምግብ ፍላጎት ሲጠፋ፣ ሲያቅለሸልሽና ሲያስመልስ፣ ነገሩ ሁሉ ቢጫ ወይም አረንጓዴ መስሎ ሲታይ፣ የልብ ምት ሲዘገይ ወይም ሲዛባ «ምች ነው» ብለን ዳማከሴ ጨምቀን አንቀመጥ፤ ያለንን መድኃኒት ሁሉ ይዘን በፍጥነት ወደ ሐኪም እንሂድ።

በዚህ ላይ ሁለት ነገር እንወስን። አንደኛ፣ መድኃኒቱን ለምትወስድ እያንዳንዷ እህት ቀጠሮዋን የምታስታውስ፣ ምልክቱን የምትከታተል አንዲት ጓደኛ ትመደብ። ሁለተኛ፣ ከመረዳጃ ሣጥናችን ለኩላሊትና ለፖታሲየም ምርመራ የሚሆን ገንዘብ ለብቻው ይቀመጥ፤ ደጋፊዎቻችንም በዚህ እንድታግዙን እንጠይቃለን። ዕድራችን ለቀብር ይደርሳል፤ ማኅበራችን ደግሞ ከዚያ አስቀድሞ ይድረስ።