ስለ አሮጌ ፒክ አፕ አያያዝና ስለ ባለቤቱ ድርሻ



በዛሬው ምሽት ላነጋግራችሁ የፈለግሁት በየግቢያችሁ ቆሞ ስለሚያድረው አሮጌ ፒክ አፕ ነው። አብዛኞቻችሁ በጽሕፈት ቤት የምትውሉ የመንግሥት ሠራተኞች እንደ ሆናችሁ ዐውቃለሁ፤ ይህችም መኪና ጧት ልጆቹን ወደ ትምህርት ቤት የምታደርስ፤ ቅዳሜ ከመርካቶ ጤፉንና ቆርቆሮውን የምታመላልስ፤ በበዓል ደግሞ ዘመድ ለመጠየቅ ወደ አገር ቤት የምታወርድ ባለውለታችሁ ናት። ዕድሜዋ ሃያ ወይም ሠላሳ ዓመት ቢሆን ስንኳ በአዲስ ልለውጣት ማለት ለደመወዝተኛ የሚቀል ነገር አይደለም። በ2016 ዓ.ም. በኤሌክትሪክ ከሚሠሩት በቀር አውቶሞቢሎች ከውጭ እንዳይገቡ መንግሥት ከወሰነ ወዲህማ በእጅ ያለችውን መኪና አክብሮ መያዝ የውዴታ ነገር መሆኑ ቀርቷል።

ስትታመም ወደ ጋራዥ፤ ስትድን ወደ ቤት፤ ይህ የብዙዎቻችን ልማድ ነው። ነገር ግን መካኒክ መኪናዋን የሚያያት ከተሰበረች በኋላ ነው፤ በየቀኑ ድምፅዋን የሚሰማ፤ የጭሷን ቀለም የሚያይ፤ ከሥሯ የተንጠባጠበውን ዘይት ጧት ጧት የሚያገኝ ግን ባለቤቷ ነው። ስለዚህ የአሮጌ መኪና ዕድሜ ከመካኒኩ ጥበብ ይልቅ በባለቤቱ ትጋት ይወሰናል ብል የተሳሳትሁ አይመስለኝም። በዓመት አንድ ጊዜ ቦሎ ሊለጠፍ ሲል ብቻ ፍሬኗን አስጠብቆና መብራቷን አስተካክሎ የቀረውን ዐሥራ አንድ ወር መርሳት ራስን ማታለል ነው፤ መርማሪው የሚፈርመው ለዚያች ቀን ነውና።

አስቀድመን ወሰኑን እንለይ። የናፍጣው ፖምፓ፤ ቴስታታው፤ ካምቢዮውና ዲፈረንሻሉ መከፈት የሚገባቸው ልዩ መሣሪያ ባለው ባለሙያ እጅ ብቻ ነው። ውኃው፤ ዘይቱ፤ ፊልትሮው፤ ጎማውና የፍሬኑ ምርመራ ግን እጁን ማቆሸሽ የማይጸየፍ ሰው ሁሉ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በግቢው ሊሠራው የሚችል ነው። ለዚህም የቁልፍ ስብስብ፤ ካቻቢቴ፤ ፒንሳ፤ ክሪክና ሁለት ወፍራም የእንጨት ጉማጆች ይበቃሉ። ጉማጆቹን የጠቀስሁት በከንቱ አይደለም፤ በክሪክ ብቻ ከተነሣች መኪና ሥር መግባት በገደል አፋፍ ላይ እንደ መተኛት ያለ ነው። መሬት ላይ የቀሩትን ጎማዎች ድንጋይ አስደግፉ፤ ጉማጆቹን ከሻንሲው ሥር አቁሙ፤ ከዚያ በኋላ ሥሯ ግቡ። ሞተሩንም በተዘጋ ጋራዥ ውስጥ አታስነሡ፤ በተዘጋ ቤት የከሰል ጭስ የሚያደርሰውን ጥፋት ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ የሞተር ጭስም ያንኑ መርዝ ይዟል።

ከውኃው እንጀምር። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብላ ስለ ተቆረቈረች በዚህ አገር ውኃ የሚፈላው በ100 ዲግሪ ሳይሆን በ92 ዲግሪ አካባቢ ነው። ከቆላ መጥቶ እዚህ ሽንብራ የቀቀለ ሰው ይህን ከምድጃው ተምሮታል። የሞተር ውኃ ግን ከዚህ በላይ ሙቀት እንዲችል ይፈለጋል፤ ይህንም የሚያስችለው ያ ትንሹ የራዲያተር ክዳን ነው። ክዳኑ በውስጡ ባለው ሞላና ላስቲክ እንፋሎቱን አፍኖ ስለሚይዝ፤ በላዩ 0.9 የሚል ቍጥር የተጻፈበት ክዳን ደኅና ከሆነ ውኃው እዚህ በእኛ ከተማ እስከ 110 ዲግሪና ከዚያም በላይ ሳይፈላ ይቆያል። ላስቲኩ ሲያረጅ ከጎማ ቍራጭ ቀድዶ የሚተካ ሰው አለ፤ ሌላውም ፌስታል ጠቅልሎ ይከድናል። እንዲህ ያለው ቍጠባ ፍጻሜው የጓርኒሲዮን መቃጠልና የቴስታታ መጣመም ነው። በጋለ ሞተር ላይ ይህን ክዳን መክፈት ፊትን ማቃጠል መሆኑን ለልጆቻችሁም ንገሩ።

በዚሁ አጋጣሚ በብዙ ጋራዦች የተለመደ አንድ ሥራ ልንቀፍ። መኪና ስትሞቅ ቴርሞስታቱን አውጥቶ መጣል እንደ መድኃኒት ይቈጠራል። ቴርሞስታት ሞተሩ ተገቢውን ሙቀት እስኪያገኝ ድረስ ውኃውን ከራዲያተሩ አግዶ የሚያቆይ በር ነው፤ እርሱ ከሌለ በአዲስ አበባ የኅዳርና የታኅሣሥ ብርድ ሞተሩ ከቤት እስከ ቢሮ ሳይሞቅ ይደርሳል፤ ናፍጣው በሚገባ አይቃጠልም፤ ዘይቱም ቶሎ ይቆሽሻል። ሙቀቱ የመጣው ከተደፈነ ራዲያተር ወይም ከላላ ቺንጋ ከሆነ ደግሞ ሕመሙ እዚያው አለ።

አየሩም የራሱ ነገር አለው። በዚህ ከፍታ ሞተሩ የሚስበው አየር በባሕር ዳርቻ ካለው ሩብ ያህል የሳሳ ነው፤ በዚህ ላይ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ከታፈነ መኪናዋ ጥቁር ጭስ እየተፋች ዳገት ትለምናለች። የወረቀት ፊልትሮ በውኃ አይታጠብም፤ ከውስጥ ወደ ውጭ በቀስታ ይነፋል፤ ከተቀደደ ወይም ከጠቈረ ይለወጣል። የሞተር ዘይት ለአሮጌ የናፍጣ መኪና በየ5,000 ኪሎ ሜትሩ ከፊልትሮው ጋራ ቢለወጥ መልካም ነው። ሞተሩ ለብ ሲል በሳፋ አውጡት፤ መልኩ ወተት የተቀላቀለበት ቡና ከመሰለ ውኃ ገብቶበታልና ሞተሩን ሳታስነሡ መካኒክ ጥሩ። የተቃጠለውን ዘይት ወደ ቦይ አትድፉ፤ የአጥር እንጨት የሚተክል ጎረቤት ለምስጥ መከላከያ ደስ ብሎት ይወስድላችኋል።

መለዋወጫ ፍለጋ ስትነሡ መንገዱ ወደ አዲስ ከተማ፤ ወደ መርካቶ ይወስዳችኋል። ይህ ገበያ በጣሊያን ወረራ ዘመን፤ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ባለው ጊዜ፤ የአገሬው ገበያ ከአራዳ ወደ ምዕራብ ሲዛወር ስሙን ከወራሪዎቹ ቋንቋ የወረሰ ነው። የሚያስደንቀው ወራሪው ከሄደ ሰማንያ ዓመት ካለፈ በኋላም የጋራዡ ቋንቋ የርሱ መሆኑ ነው። ካንዴላ፤ ፍሪሲዮን፤ ቺንጋ፤ ኩሽኔታ፤ ማርሚታ፤ ኮፋኖ፤ ጎሚስታ ስንል ሳይታወቀን ጣሊያንኛ እንናገራለን። ጠመንጃውን መልሰን የመኪናውን ቁልፍ አስቀረንበት ማለት ይቻላል። የሆነው ሆኖ ቃላቱን ዐውቆ መሄድ ይበጃል፤ ስሙን የማያውቅ ገዢ ዋጋውንም አያውቅም ተብሎ ይገመታልና።

በሶማሌ ተራ ከፈረሱ መኪናዎች የወጣ ዕቃ ከአዲሱ ጐን ለጐን ይሸጣል። ነጋዴው አሮጌውን አንሥቶ «ጋሼ፤ ይህ የጃፓን ነው፤ ከአዲሱ ይሻላል፤ ይመኑኝ» ይላችኋል። ስለ አንዳንዱ ዕቃ እውነቱን ነው። በር፤ ኮፋኖ፤ መብራት፤ ፓራውልት፤ ሞተሪኖ፤ የዲፈረንሻል ቤት፤ እነዚህ ከታወቀ ፋብሪካ የወጡ ከሆነ አሮጌያቸው ስሙ ከማይታወቅ አዲስ ሊሻል ይችላል። ላስቲክና የፍሬን ሸራ ግን እንደዚህ አይደሉም፤ ሳይሠሩ ቢቀመጡ ስንኳ ላስቲክ በዕድሜው ይደርቃል። ቱቦ፤ ቺንጋ፤ የፍሬን ጎሚኒና ሸራ ያገለገለ አትግዙ። ይልቁንም የታይሚንግ ቺንጋ፦ በብዙዎቹ የቶዮታ ሃይሉክስ የናፍጣ ሞተሮች፤ ይኸውም 2ኤል፤ 3ኤልና 5ኤል በሚባሉት፤ ይህ ቺንጋ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ መለወጥ አለበት። ከተበጠሰ ፒስተኖቹ ከቫልቮቹ ጋራ ይጋጫሉ፤ የአንድ ቺንጋ ዋጋ የቆጠበም ሞተር ሲያሠራ ይከርማል። መኪናዋን ካገለገለ ሰው ስትገዙ ቺንጋው መቼ እንደ ተለወጠ ካልታወቀ ዛሬውኑ አስለውጡት።

ወደ ገበያው ስትሄዱ አሮጌውን ዕቃ በእጃችሁ ያዙ፤ ከአዲሱም ጋራ ጥርስ በጥርስ አመሳክሩ፤ ደረሰኝም ጠይቁ። ትናንት ከመኪናህ የተፈታውን መስተዋት ዛሬ ሶማሌ ተራ ትገዛዋለህ እየተባለ የሚቀለደው ቀልድ ታማኙን ነጋዴ ባይነካም፤ ምንጩ ያልታወቀ ዕቃ በርካሽ መግዛት የራስን መስተዋት የሚፈታውን ሰው መቅጠር መሆኑን ማሰብ ይገባል። ጎማ ስትገዙም የጥርሱን ጥልቀት ብቻ አትዩ፤ በጐኑ ላይ ዶት ከሚለው ጽሕፈት በስተመጨረሻ አራት ቍጥሮች አሉ። ለምሳሌ 2319 የሚል ከሆነ ጎማው የተሠራው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2019 ዓ.ም. በ23ኛው ሳምንት ነው። ጥርሱ ያላለቀ፤ ዕድሜው ግን ያለቀ ጎማ በቆላ ሙቀት ይፈነዳል።

አሁን ወደ ፍሬን ልምጣ፤ ከሁሉ ይልቅ ልትሰሙኝ የምፈልገው እዚህ ላይ ነው። ራዲያተር ቢበላሽ መንገድ ላይ ያስቀራል፤ ፍሬን ቢበላሽ ግን ሬሳ ያስቈጥራል። ወደ ጎጃም የሄደ ሰው ሁሉ ከጎሐ ጽዮን እስከ ዐባይ ድልድይ ያለውን ቍልቍለት ያውቀዋል፤ በ20 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ከ1,300 ሜትር በላይ ይወረዳል። በዚያ መንገድ በፍሬን ብቻ የሚወርድ ሰው ሸራውን ያግላል፤ ከሸራው ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገራል። የፍሬን ዘይት ደግሞ ከአየር ውስጥ እርጥበት የመሳብ ጠባይ አለው። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን የሚፈላው ከ205 ዲግሪ በላይ ነው፤ እርጥበት ከጠጣ በኋላ ግን 140 ዲግሪ ሲደርስ ሊፈላ ይችላል። ዘይቱ ሲፈላ እንፋሎት ይሆናል፤ እንፋሎት ደግሞ እንደ ዘይት አይገፋም፤ እግር የረገጠው ፔዳል እስከ ወለሉ ይሰምጣል። ከቤት ሲወጣ ደኅና የነበረ ፍሬን በገደሉ መካከል ጠፋ የሚባለው ብዙ ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ዘይቱ በየሁለት ዓመቱ በሙሉ ይለወጥ፤ የተከፈተ ቆርቆሮ ከርሞ አይጨመር፤ የሞተር ዘይትማ ጠብታው ስንኳ አይግባበት፤ ላስቲኮቹን አሳብጦ ያበላሻቸዋልና። ቍልቍለቱንም በከባድ ማርሽ ውረዱ።

አንድ ሌላ ነገር አለ፤ ይህንም ብዙ ሾፌር አያውቀውም። ጭነት ለማብዛት ሲባል በኋላው ባሌስትራ ላይ አንድ ወይም ሁለት ቅጠል ማስጨመር የተለመደ ሁኗል። የመኪናዋ ወገብ ስለ ጠነከረ ፍሬኗም የጠነከረ ይመስላል፤ ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በብዙ ፒክ አፖች ከኋላው አክስል ጋራ በዘንግ የተያያዘ አንድ ቫልቭ አለ፤ ሥራውም ጭነት በዝቶ ካሶኒው ዝቅ ሲል ለኋላ ጎማዎች የፍሬን ኀይል መጨመር፤ ባዶ ሆና ከፍ ስትል መቀነስ ነው። ባሌስትራው ሲደነድን ካሶኒው በጭነትም ጊዜ ዝቅ አይልም፤ ቫልቩም መኪናዋ ባዶ ናት ብሎ ይታለላል። እንግዲህ አንድ ኩንታል ሲሚንቶ ስትጨምሩ የኋላው ፍሬን እንደ ባዶ መኪና ይይዛል፤ ሸክሙ ሁሉ በፊቱ ላይ ይወድቃል። ቅጠል የተጨመረባት መኪና ካለቻችሁ ዘንጉን በባለሙያ አስለኩ፤ ከሁሉ የሚሻለው ግን ቅጠሉን አስወጥቶ ጭነቱን በልክ ማድረግ ነው።

ሸራውን በቤት ለመመርመር ጎማውን ፈትታችሁ ታምቡሩን አውጡ። የሸራው ውፍረት ወደ 1 ሚሊ ሜትር ከተጠጋ ጊዜው አልፏል፤ የግራውን ስትለውጡ የቀኙም አብሮ ይለወጥ። በውስጡ ያለውን አቧራ በአፍ ወይም በኮምፕሬሰር አትንፉት፤ በአሮጌ ሸራዎች ውስጥ ሳንባ የሚጎዳ አስቤስቶስ ሊኖር ስለሚችል በእርጥብ ጨርቅ አንሡት።

ዘይቱን ለመለወጥ ሁለት ሰው ያስፈልጋል፤ አንዱ ጋቢና ይቀመጣል፤ ሁለተኛው ከጎማው አጠገብ ይተኛል። እግሩ የደረሰ ልጅ ካላችሁ ይህ ለእርሱ መልካም ትምህርት ነው። ከዘይቱ ማጠራቀሚያ በጣም ከራቀው ጎማ ይጀመራል፤ መሪያቸው በግራ ለሆነው መኪናዎቻችን ይህ የኋላው ቀኝ ነው። በማስተንፈሻዋ ቡሎን ላይ ቀጭን የላስቲክ ቱቦ ሰክታችሁ ጫፉን ጥቂት የፍሬን ዘይት ባለበት ጠርሙስ ውስጥ ንከሩ። «ርገጥ!» ስትሉት «ረግጫለሁ አባባ» ይበል፤ ቡሎኗን በሩብ ዙር ስትከፍቱ ዘይቱና አየሩ ይወጣል፤ ቡሎኗን ሳትዘጉ ግን እግሩን እንዳያነሣ አስጠንቅቁት፤ ያን ጊዜ አየሩ ተመልሶ ይገባልና። ከዘጋችሁ በኋላ «ልቀቅ» በሉት። አረፋ የሌለበት ንጹሕ ዘይት እስኪወጣ እንዲህ እየደጋገማችሁ፤ ከላይ ማጠራቀሚያው እንዳይጎድል እየጨመራችሁ፤ ወደ ኋላው ግራ፤ ከዚያም ወደ ፊተኞቹ ቀኝና ግራ እለፉ።

ሥራው ሲያልቅ ሞተሩ ሳይነሣ ፔዳሉን አጥብቃችሁ ረግጣችሁ እስከ ስልሳ ቍጠሩ። ጸንቶ ከቆመ በግቢው ውስጥ በቀስታ ሞክሩ፤ ቀጥሎም ሰው በሌለበት ሜዳማ መንገድ ላይ። ቀስ እያለ ከሰመጠ ግን ወይ ከውጭ የሚፈስ አለ፤ ወይም የፍሬኑ ዋና ፖምፓ ከውስጥ አርጅቷል፤ ይህ ደግሞ አስቀድመን በለየነው ወሰን ከመካኒኩ ወገን ያለ ሥራ ስለሆነ መኪናዋን ሳትነዱ መካኒኩን ወደ ቤት አስጠሩት።

ደኅና እደሩ።